ለአካባቢ ሳይንስ ስኮላርሺፕ እንዴት ማመልከት ይቻላል? ሁለት ጊዜ ተከልክዬ የተማርኩት

ለአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ስኮላርሺፕ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሁለቱ አልተሳኩም፣ ሦስተኛው ተሳካ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የዲግሪ ውጤቴ አልጨመረም። አዲስ ሰርተፍኬትም አልያዝኩም። የተለወጠው የጻፍኩት ድርሰት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ድርሰቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

1. ገንዘቡ የት እንዳለ ለዩ

መጀመሪያ የምትፈልጉት ለዲግሪ ነው ወይስ ለማስተርስ? መንገዱ የተለያየ ነው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን፣ ለአካባቢ ሳይንስ ብቻ የተባለ ስኮላርሺፕ ጥቂት ነው። በዚህ ደረጃ ትልቁ ገንዘብ ያለው ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ ነው። ለምሳሌ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር ተማሪንም ቢሆን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ከተቀበሉት በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ከባዱ መግባቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩ ሁለት ስሞች ያዙ። የዩዳል ስኮላርሺፕ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እስከ 7,000 ዶላር ይሰጣል። ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። የሆሊንግስ ስኮላርሺፕ ደግሞ የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖአ የሚባለው፣ የሚሰጠው ነው። ለዜጎች ብቻ ነው። በዓመት እስከ 9,500 ዶላር ለሁለት ዓመት ይከፍላል፣ በመሃል ደግሞ 10 ሳምንት ደመወዝ ያለው የሥራ ልምምድ አለው። እኔ ብሆን ከገንዘቡ ይልቅ ለልምምዱ ስል አመለክት ነበር።

ለማስተርስ በሩ ሰፋ ይላል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ የትምህርት ክፍያም የለበትም። ትምህርቱ በተለያዩ አገሮች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወሩ የሚማሩት ነው። በእኛ ዘርፍ ሜስፖም የሚባለው የአካባቢ ሳይንስ፣ ፖሊሲና አስተዳደር ፕሮግራም በዚህ ሥር ሲታወቅ ቆይቷል። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ኢፖስ የሚባል መስመር አለው። ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የመጨረሻ ዲግሪያችሁም ባብዛኛው ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ማመልከቻው በቀጥታ ወደ ኮርሱ የሚላክ መሆኑን ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ከተማራችሁ በኋላም ለ2 ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። «የሥራ ልምድ የለኝም» ብላችሁ ቶሎ አትለፉት። የበጎ ፈቃድ ሥራና ልምምድም ይቆጠራል። ሰዓቱን ደምሩት።

መስፈርትና የገንዘብ መጠን በየዓመቱ ሊቀየር ይችላል። ስኮላርሺፕ የሚሰበስቡ ድረ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች ስም ለማግኘት ይጠቅማሉ። ለቀንና ለመስፈርት ግን አትመኗቸው። ያለፈውን ዓመት መረጃ እንዳለ የሚገለብጡ ብዙ ናቸው። ሁልጊዜ ወደ ሰጪው ዋና ገጽ ግቡ። «ስኮላርሺፑን አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ደግሞ ተዉት።

ስትፈልጉ «አካባቢ» የሚለውን ቃል ብቻ አትጻፉ። ሃይድሮሎጂ፣ የአፈር ሳይንስ፣ ደን፣ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተን)፣ ታዳሽ ኃይል፣ የአካባቢ ሕግ፣ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ፣ የሕዝብ ጤና እያላችሁም ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት የውሃ ሀብት በሚል ስም ነው። በ«አካባቢ» ስፈልግ አንድም ቀን አልመጣልኝም ነበር።

2. ሰንጠረዥ ሥሩ

ስም፣ የመጨረሻ ቀን ከነሰዓቱ፣ የሚጠየቁ ሰነዶች፣ የድጋፍ ደብዳቤ ብዛት። ኤክሴል ይበቃል፣ ደብተርም ይሆናል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎችን ሞክሬ ጊዜዬን ነው የበሉት። አምስት ስኮላርሺፕ በደንብ ማመልከት ሃያ በጥድፊያ ከማመልከት ይሻላል።

3. የድጋፍ ደብዳቤ

ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ጠይቁ። ትልቅ ማዕረግ ያለው ግን ስማችሁን የማያስታውስ ሰው አትምረጡ። ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ረዳት መምህር ይበልጣል። ስትጠይቁ ሲቪያችሁንና አብራችሁ የሠራችሁትን ሥራ የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ላኩለት። ሳምንት ሲቀር በትሕትና አስታውሱት።

4. ድርሰቱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ «የአየር ንብረት ለውጥ የዘመናችን ትልቁ ፈተና ነው» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ የሙቀት መጨመሩን፣ የበረዶ መቅለጡን፣ የደን መመናመኑን ደረደርኩ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ወረቀቱን የሚያነቡት ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከእኔ የሚፈልጉት እኔ ብቻ ልነግራቸው የምችለውን ነው፦ ምን አየሁ? ምን ሠራሁ?

በሁለተኛው ስሜት ጨመርኩበት። ተፈጥሮን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምወድ ጻፍኩ። እሱም አልሠራም። አመልካቹ ሁሉ ተፈጥሮን ይወዳል።

ሁለቱንም ጊዜ እጄ ላይ የነበረውን ነገር ትቼዋለሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ በቆሻሻ መጣያ ሥር የሚያልፍ አንድ ትንሽ ወንዝ ላይ ለአምስት ወር ውሃ ስለካ ነበር። ከመጣያው በላይና በታች፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነበር የማነጻጽረው። ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያበሰብሱ ኦክስጅኑን ይጠቀሙታል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዓሣዎች መቸገር ይጀምራሉ። የእኔ ቁጥሮች ከዚያ በላይ ነበሩ። ወንዙ ደህና ነው ብዬ ጽፌ አስረከብኩ።

ስህተቴ የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ሁልጊዜ የምለካው ከሰዓት በኋላ ነበር፣ መለኪያው ከላብራቶሪ የሚለቀቅልኝ ያኔ ስለሆነ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ አለ፣ አልጌውና የውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ ኦክስጅን ያመርታሉ። ሲጨልም ማምረቱ ይቆማል፣ መተንፈሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ስለዚህ ኦክስጅኑ በጣም የሚወርደው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። እኔ ወንዙን ያየሁት በደህና ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ይህን ለረጅም ጊዜ ደብቄው ኖሬያለሁ። ስህተትን ማመልከቻ ላይ መጻፍ ራስን መጣል መስሎኝ ነበር። ሦስተኛውን ድርሰት ግን «አንድን ወንዝ ለአምስት ወር በተሳሳተ ሰዓት ለካሁ» ብዬ ጀመርኩት። ከዚያ ለምን እንደተሳሳትኩ፣ ስህተቱ መደምደሚያዬን እንዴት እንደቀየረው፣ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ማን እንደሚያስተምረኝ ጻፍኩ። የኮርሱን ስም ጠቀስኩ። ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያ ወንዝ ነበር።

የእናንተን ለማግኘት ይህን ሞክሩ። ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ፣ አንድ ቁጥርና አንድ ያልጠበቃችሁት ነገር ጻፉ። ሦስቱም ከራሳችሁ ሥራ የመጡ ይሁኑ። ላብራቶሪ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነም አትጨነቁ። በተማሪዎች ካፌ የሚደፋውን ምግብ ለአንድ ሳምንት በሚዛን መመዘን ይበቃል። «500 ችግኝ ተክለናል» የሚለው አንባቢውን አያቆመውም። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥራችሁ፣ የደረቀው ለምን እንደደረቀ ካወቃችሁ ግን ድርሰት አላችሁ። ካልቆጠራችሁ ዛሬ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ማመልከቻው እስኪከፈት ጊዜ አለ።

ከዚያ በሦስት ጥያቄ አገናኙት። ሥራው የት ላይ አቃተኝ? የትኛው ኮርስ ያንን ይሞላል? ስጨርስ ለማን እሠራበታለሁ? የመጨረሻው ላይ «ለዓለም» ብላችሁ አትመልሱ። ውሃውን የሚጠጣው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እሱን ጻፉት።

አንድ ድርሰት ለሁሉም አይሆንም። ቺቭኒንግ ስለ መሪነትና ከሰዎች ጋር ስለምትፈጥሩት ግንኙነት ለይቶ ይጠይቃል። ዩዳል ደግሞ ከሁለቱ ወንድማማቾች፣ ከሞሪስ ወይም ከስቱዋርት ዩዳል፣ በአንዱ ንግግር ወይም ሕግ ላይ 800 ቃል ያስጽፋል። ስቱዋርት ከ1961 እስከ 1969 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ወንዛችሁን ከዚያ ጋር ማገናኘት የእናንተ ሥራ ነው። ዋናው ታሪክ ያው ይሁን፣ የሚያርፍበት ቦታ ግን ይለያይ።

ለኤአይ አታስጽፉት። የሚጽፈው ልክ የእኔን የመጀመሪያ ድርሰት ነው። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ስኮላርሺፑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሰዋስው ቢያርምላችሁ ችግር የለውም። ከሱ ይልቅ ከዘርፉ ውጭ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ትኩረቱ የሚጠፋበትን ቦታ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። እሱን ቁረጡት።

5. ሰነድና ሰዓት

ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በቋንቋ ፈተናው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። ካልሆነ ዛሬውኑ ማስተካከል ጀምሩ፣ ጊዜ ይወስዳል። ፒዲኤፎቹን በስማችሁ ሰይሟቸው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከሦስቱ ውጭ አንድ ሳይገባ የቀረ ማመልከቻ አለኝ። ገጹ ላይ ቀኑን አየሁ፣ ከጎኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈውን «12 ሰዓት» እኩለ ሌሊት ነው ብዬ ወሰድኩት። እኩለ ቀን ነበር ለካ፣ ያውም በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት። ማታ ስከፍተው ተዘግቷል። የሁለት ወር ሥራ ነበር። ሰንጠረዣችሁ ላይ ሰዓቱን ወደ ራሳችሁ ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉ፣ ሁለት ቀን ቀድማችሁም አስገቡ።

6. ከላካችሁ በኋላ

የማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጡ። ደብዳቤ ለጻፉላችሁ አመስግኑ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ ድርሰታችሁን ደግማችሁ አንብቡ። ከሱ ውስጥ ነው የሚጠይቋችሁ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳመጣችሁት ተዘጋጁ። ስፓም ፎልደሩንም በየሁለት ቀኑ እዩት፣ የእኔ ጥሪ እዚያ ውስጥ አራት ቀን ተቀምጦ ነው ያገኘሁት።