የተልባን ዝልግልግ ማውጣትና ያለ ጉዳት መጠቀም

ተልባ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ ዘይቱ አይደለም። የፍሬው የውጭ ልባስ ላይ ያለ ፖሊሳካራይድ፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስኳር ነው። አብዛኛው አራቢኖዛይላን ይባላል፤ ቀሪው የፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋው ነገር) ዘመድ ነው። ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ጥቅሙም አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ድስት ውስጥ ጠጥቶ ካበጠ መልካም፤ ጉሮሮ ውስጥ ካበጠ ያንቃል።

3 የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም ገደማ) ጥሬ ተልባና 600 ሚሊ ሊትር ውሃ አዘጋጁ። ለመጠጥ የሚቆላውና የሚወቀጠው ተልባ እዚህ አይሆንም፤ ከተወቀጠ ዘይቱና ፕሮቲኑ አብረው ወጥተው ፈሳሹን ያደፈርሱታል፣ ቶሎም ይበላሻል። አቧራውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ወዲያው አጥልሉት። ውሃው ውስጥ ከቆየ ዝልግልጉ ከእጣቢው ጋር ይደፋል።

ውሃውን እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ከድስቱ ሥር ትናንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። ተልባውን ጨምራችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩት። እንዲንተከተክ አትፍቀዱ፤ አረፋው ይገነፍላል፣ ፕሮቲንና ቀለምም ይበዛበታል። ከማንኪያ ላይ እንደ እንቁላል ነጭ እየተሳበ ሲወርድ ደርሷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጥለሉ ላይ ነው። በትኩሱ በጨርቅ መጠለል አለበት፤ ከበረደ ይወፍርና ጨርቁን ይዘጋዋል። ከዘገያችሁ ግማሽ ብርጭቆ ፍል ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አሙቁት። ጨውና ሎሚ ስለሚያቀጥኑት መጨረሻ ላይ ይግቡ። ፈሳሹ ለተህዋስያን ምቹ ምግብ ነውና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከ2 ወይም 3 ቀን በላይ አታቆዩት። ከሸተተ ወይም በራሱ ከቀጠነ ድፉት።

ዱቄት የሚፈልግ ሰው የበረደውን ፈሳሽ 3 እጥፍ በሚሆን 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ቀስ እያለ ያፈሳል፤ ፖሊሳካራይዱ እንደ ነጭ ክር ተለይቶ ይወጣል። የቤት አረቄ የአልኮል መጠኑ ስለማይበቃ አይሠራም። ለምግብ ከሆነ ሜታኖል የተቀላቀለበትን የማቃጠያ አልኮል ፈጽሞ አትንኩ፤ መርዝ ነው። በአቅራቢያችሁም እሳት አይኑር።

አብሽ ግን ሌላ ነው። የእሱ ዝልግልግ (ጋላክቶማናን የሚባል ፖሊሳካራይድ) የሚገኘው ከልባሱ ሥር ስለሆነ መፈጨት አለበት። ዱቄቱን ሌሊቱን ዘፍዝፎ መራራውን ውሃ መድፋት፣ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪሆን መምታት የቆየው መንገድ ነው፤ ትክክልም ነው፣ ምክንያቱም ከመጠጣቱ በፊት ያብጣል።

አሁን ወደ ደኅንነቱ። የደረቀ የተልባ ወይም የአብሽ ዱቄት በማንኪያ ቅሞ ውሃ ማወራረድ አደገኛ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የጓር ሙጫ (ጓር ከሚባል ጥራጥሬ ፍሬ የሚወጣ፣ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ዱቄት) ያለባቸው የማቅጠኛ ክኒኖች ጉሮሮ ውስጥ እያበጡ ሰዎችን ስላነቁ ከገበያ እንዲወጡ ተደርጓል። ለእያንዳንዱ የሾርባ ማንኪያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር) ውሃ ይኑር፤ ከመኝታ በፊትም አይወሰድ። ለመዋጥ የሚቸገር ወይም የአንጀት መዘጋት ያለበት ሰው ጨርሶ ይተወው።

ዝልግልጉ መድኃኒትን ሸፍኖ ወደ ደም መግባቱን ሊያዘገይ ስለሚችል ክኒናችሁን ዝልግልጉን ከመውሰዳችሁ 1 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 2 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ይለካ። አብሽ በብዛት ለነፍሰ ጡርና ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው አይመከርም። ለውዝ ወይም ሽምብራ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው አብሽም ሊያስነሳበት ይችላል።

ጥሬ ተልባ ሳያናይድ የሚሰጡ ውሕዶች አሉት፤ መቁላት ይቀንሳቸዋል። ስለዚህ ዝልግልጉ የወጣለትን ፍሬ መብላት ከፈለጋችሁ አድርቃችሁ ቁሉት፣ ወይም ዳቦ ውስጥ ጨምራችሁ ጋግሩት።