የቼንሶ ፍሪሲዮን አብሮ እየዞረ አልፈታ ላላችሁ

የቼንሶ (በሞተር የሚሠራ የእንጨት መጋዝ) ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ ለመፍታት ስትታገሉ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ፒያሳ፣ ጓሮዬ ውስጥ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የፒስተን ማቆሚያ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ አሮጌ የማስነሻ ገመድ ያዙ።

ካንዴላውን ፍቱ። ማስነሻውን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ሲሸፍን አቁሙ። ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ ማፈኛ) ብትፈቱት በደንብ ይታያችኋል። ይቺን ከዘለላችሁ ገመዱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል። ከዚያ ገመዱን በካንዴላው ቀዳዳ ጠቅጥቁት፤ ጫፉን ቋጥራችሁ ውጭ አስቀሩት።

አሁን ፍሪሲዮኑን ፍቱ። ልብ በሉ፣ የአብዛኞቹ ጥርስ ግራ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ብዙ ጊዜ ቀስት ተቀርጾበታል። ፒስተኑ ገመዱን ይጨምቅና ቀጥ ይላል። ገመዱ ለስላሳ ስለሆነ ጫናውን በፒስተኑ አናት ላይ ያሰራጨዋል።

በገመዱ ፈንታ ካቻቢቴ መክተት ግን በፍጹም! ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ድሮ ገጠር፣ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ስንሠራ በካቻቢቴ ቆልፈን በሳነው። ባለቤቱ ምንም አልተናገረም። ፒስተኑን ሲጋራ መተርኮሻ አደረገውና ደሞዝ በከፈለን ቁጥር ፊታችን ይተረኩስበት ነበር።

የተበጣጠሰ ገመድ አትጠቀሙ፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል።