ሻካራ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በፊልም፦ ከድሬዳዋ ፀሐይና ሙቀት ጋር

ግሬን (ፎቶውን ሻካራ የሚያስመስሉት የፊልሙ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች) ድፍን ጥቁር ላይም ድፍን ነጭ ላይም ብዙ አይታይም፤ ጎልቶ የሚወጣው ግራጫው ላይ ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ግራጫ ፈልጉ፦ ጥላ ያረፈበት የሐረር ጁገል ግንብ፣ ሰፊ ሰማይ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር በቀትር የሚነሳ ፎቶ ግን ወይ ይነጣል ወይ ይጠቁራል፤ ለዚህ ሥራ አይመችም።

ፊልሙ 35 ሚሊ ሜትር ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ይሁን። ሰፋ ያለው 120 ፊልም ሲታተም ያን ያህል ስለማይጎላ ግሬኑ ይደበቃል። ላይት ሜትሩን (ብርሃን መለኪያውን) ከፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ወደ 1600 ውሰዱት። እዚህ ላይ ፀሐዩ ያስቸግራል፤ በጠራራ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ ሲሆን ሸተሩ (መዝጊያው) 1/1600 ሰከንድ ይጠይቃል፣ ብዙ አሮጌ ካሜራ ደግሞ ከ1/1000 አያልፍም። ቀይ ፊልተር ግጠሙ። ብርሃኑን ሦስት ስቶፕ (ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ) ስለሚቀንስ 1/250 ወይም 1/125 ይበቃል፤ ሰማያዊው ሰማይም ይጠቁርና ግሬኑ ይወጣበታል። ካሜራው በሌንሱ በኩል የሚለካ ከሆነ ፊልተሩን ራሱ ይቆጥረዋል፤ ሁለቴ አታስሉት።

አጠባው (ምስሉን ማውጣቱ) ባልተበረዘ አይዲ-11 ዴቨሎፐር (ምስል አውጪ ኬሚካል)፣ በ20 ዲግሪ፣ 14 ደቂቃ ነው (በ400 ቢነሳ 7 ደቂቃ ተኩል ነበር)። በየደቂቃው መጀመሪያ 10 ሰከንድ ታንኩን አራት ጊዜ ገልብጡ። ጊዜው ሲረዝም ንፅፅሩና ግሬኑ ይጨምራል፤ ጥላ ውስጥ ያልተመዘገበ ዝርዝር ግን በአጠባ አይመጣም። ከዚህም የሻከረ ለሚፈልግ ሮዲናል የሚባል ሌላ ዴቨሎፐር አለ፦ በ400 ለተነሳ ፊልም 1 ለ 25 በጥብጦ 6 ደቂቃ። አይዲ-11 ውስጥ ያለው ብዙ ሰልፋይት የቅንጣቱን ጠርዝ ያሟሟል፤ ሮዲናል እንዲህ ስለማያደርግ ቅንጣቱ ስል ሆኖ ይቀራል።

ድሬዳዋ ላይ ትልቁ ጣጣ ሙቀቱ ነው። ውሃ በሃይላንድ አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጉና ጠርሙሶቹ ከተቀመጡበት ሳፋ ውስጥ ጨምሩት። በረዶ ዴቨሎፐሩ ውስጥ አይገባም፤ ያቀጥነዋል። 24 ዲግሪ ላይ ከቆመ 14ቱን ደቂቃ ወደ 10 ገደማ አውርዱት። ሐረር ከፍታው ስለሚያቀዘቅዝ ይህ ሁሉ ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው እጥበት ላይ ነው፦ ከ20 ዲግሪ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) የወጣ ፊልም በቀጥታ ትኩስ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቅንጣቶቹን የያዘው የፊልሙ ጄላቲን ሊሸበሸብ ይችላል፤ ሽብሽቡ ደግሞ ግሬን አይደለም፣ አይስተካከልም። ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ተጠቀሙ፦ ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ቀይራችሁ 10፣ እንደገና ቀይራችሁ 20። ውሃም ይቆጥባል።

ሲታተም ግሬድ 3 (ንፅፅሩ ጠንከር ያለ) ወረቀት ሞክሩ፣ የኢንላርጀሩን (ምስሉን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥለውን መሣሪያ) ፎከስም ምስሉ ላይ ሳይሆን ቅንጣቱ ላይ በማጉያ አስተካክሉ።