እንግሊዝኛ ግጥምና ጽሕፈት ከኢንተርኔት ስንማር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ የጥቅምት ውርጭ ደብረ ብርሃንን ሲይዛት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች ይበረክታሉ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ለትምህርት መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደደረቡ ይቀመጣሉ፤ ስልካቸውን ያወጣሉ፤ «መምህር፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። እኔ በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የተቀዳደደ የግጥም መድብል ከአምስት ጓደኞቼ ጋር በተራ አነብ ነበር። ዛሬ ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት አይደለም። ልጆቹ ትጉህ ናቸው፤ ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያፈሱት በማያስፈልግ ቦታ ነው። በየዓመቱ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ማከማቸትን እንደ ማንበብ መቁጠር

ባለፈው ዓመት አንድ የመንዝ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። በአንድ ማኅደር ውስጥ 412 የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አከማችቷል። «ከእነዚህ ስንቱን አነበብክ?» አልኩት። ዝም አለ፤ ቆይቶ «የአንዱን መግቢያ፣ መምህር» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። መጽሐፍ ብርቅ በሆነበት ቤት ያደገ ሰው፣ በነጻ የሚሰጥ መጽሐፍ ሲያገኝ እንዳያመልጠው ሁሉንም መሰብሰቡ ያለ ነገር ነው። ግን ፕሮጀክት ጉተንበርግ የትም አይሄድም። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው ይህ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነጻ ይሰጣል፤ ነገም እዚያው ይጠብቃል። ከልጁ ጋር ተቀምጠን አንድ አጭር ልብ ወለድ ብቻ ስልኩ ላይ አስቀረን። በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ስለ አንዲት ገጸ ባሕርይ ከእኔ ጋር ተከራከረ።

በመቶ ዓመት እንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ

በእነዚህ ነጻ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት ሥራዎች አብዛኞቹ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ ለአሮጌ መጻሕፍት ከታተሙ ከ95 ዓመት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ እዚያ ብቻ የሚያነብ ተማሪ የቅድመ አያቶቹን ዘመን እንግሊዝኛ ይማራል። ለአንድ መሥሪያ ቤት በጻፈው ማመልከቻ ላይ «ዛው» እና «ዚ» የሚሉትን ጥንታውያን የ«አንተ» ቃላት የተጠቀመ ወጣት አጋጥሞኛል። ጨዋነት መስሎት ነው፤ እንደ «እርስዎ» አድርጎ ቆጥሮታል። አሮጌውን አታንብቡ አልልም፤ እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጎን ለጎን የዛሬውን አንብቡ። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው ፖኤትሪ ፋውንዴሽን የሚያሳትመው መጽሔት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከጥንቶቹ ገጣሚዎች እስከ ዛሬዎቹ ድረስ በድረ ገጹ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። በዚያ የመጀመሪያዎቹንና የቅርቦቹን ዓመታት ማወዳደር ብቻውን ትምህርት ነው።

ግጥምን በዓይን ብቻ ማንበብ

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

የአማርኛ ግጥም ምቱን የሚያገኘው በቀለም ቆጠራ ነው፤ ቀለም ስል በአንድ ጊዜ የሚነገረውን የቃል ክፍል ማለቴ ነው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይቆማል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ጆሯችን ይህን ያውቀዋል፤ በለቅሶ ላይ ሙሾ ስንሰማ፣ በሠርግ ስንዘፍን ያለ አስተማሪ ተምረነዋል። እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ በዚያው መስፈሪያ እንለካለን። በእንግሊዝኛ ግን ቀለም መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ከቀለማቱ ድምፅ የሚከብድበትም የሚቀልበትም አለ። «ፕሬዘንት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ፊተኛው ቀለም ከብዶ ሲነገር ስጦታ ማለት ነው፤ ኋለኛው ሲከብድ ማቅረብ ማለት ይሆናል። ለእኛ ይህ ፈጽሞ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። የሚለያየው እኛ ተነባቢውን ስናጠብቅ እነርሱ መላውን ቀለም ማክበዳቸው ነው። ሼክስፒር አዘውትሮ የጻፈበት ስንኝ አሥር ቀለም አለው፤ ቀላል ከባድ፣ ቀላል ከባድ እያለ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። አሥሩን ቀለም እኩል አድርጎ የሚያነብ ሰው ቃሉን እንጂ ግጥሙን አላነበበም።

ቤት መምታቱም እንደዚሁ ነው። እኛ የመጨረሻው ፊደል ከገጠመ ቤቱ መታ እንላለን። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ሦስት ስንኞችን «ኔሽን»፣ «ኢዱኬሽን»፣ «ሶሉሽን» ብሎ ጨርሶ በደስታ አነበበልኝ። ለአማርኛ ጆሮ ሦስቱም ይገጥማሉ። የእንግሊዝኛ ቤት ግን የሚጀምረው መጨረሻ ላይ ከከበደው ቀለም አናባቢ ነው፤ ከዚያ እስከ ቃሉ ጫፍ ያለው ሁሉ መመሳሰል አለበት። ስለዚህ «ኔሽን» እና «ኢዱኬሽን» ቤት ይመታሉ፣ «ሶሉሽን» ግን ብቻዋን ትቀራለች። ዓይንም ያታልላል፤ ፍቅር የሚለው «ላቭ» እና መንቀሳቀስ የሚለው «ሙቭ» በመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት አንድ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ይለያያል።

መድኃኒቱ መስማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የተከፈተው ፖኤትሪ አርካይቭ ገጣሚዎች የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ድምፅ ሲያነቡ ያሰማል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቴኒሰን እ.ኤ.አ. በ1890 ያነበበው ሳይቀር እዚያ አለ፤ ድምፁ የተቀረጸው በሰም ላይ ነበር፣ እኔም ባዳመጥኩት ቁጥር ሰሙን አልፌ ወርቁን እፈልጋለሁ። ድምፁ ይንኳኳል፣ ይጠፋል፣ የፈረሱ ግልቢያ የመሰለው ምት ግን አልጠፋም። ሊብሪቮክስ ደግሞ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች አንብበው በነጻ የሚያቀርቡበት ነው። ተማሪዎቼን እንዲህ አደርጋለሁ፦ መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ይሰማሉ። ቀጥሎ ጽሑፉን ይዘው ይሰማሉ፤ ድምፁ በከበደ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታቸው ይመታሉ። በመጨረሻ ራሳቸው አንብበው በስልካቸው ይቀዳሉ። አንዲት የጣርማ በር ልጅ የራሷን ድምፅ መልሳ ስትሰማ በአራተኛው ስንኝ ላይ እጇን አነሣችና «እዚህ ጋ ተንሸራትቻለሁ» አለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ግጥሙን ሳያነቡ ትርጓሜ መፈለግ

በሰምና ወርቅ ያደግን ነንና አንድ ግጥም ስናይ «ወርቁ ምንድን ነው?» ማለት እንቸኩላለን። ኢንተርኔቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ዝነኛ ግጥም «ትርጉም» አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ተማሪው ያንን ገልብጦ ለፈተና ያጠናል፤ ግጥሙን ግን አልቀመሰውም። ብዙ የእንግሊዝኛ ግጥም ሌላ ነገር አልደበቀም፤ ዝናብ ሲል ዝናብ ነው፣ በር ሲል በር ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን እዩት። ማብራሪያ ከመክፈታችሁ በፊት ያያችሁትንና የሰማችሁትን ሦስት መስመር ጻፉ። ይህን ልማድ ለማየት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው አል ፊልራይስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ የሚመራውን የአሜሪካ ዘመናዊ ግጥም ትምህርት ተመልከቱ። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዲትን አጭር ግጥም ቃል በቃል ሲፈትሹ ይታያል፤ አንዱ የሌላውን አይቀበልም፣ መምህሩም ልክ የሆነው ይህ ብቻ ነው ብሎ አይዘጋም።

በአማርኛ ጽፎ ማስተርጎም

ሌላው ሰፊ ስህተት ይህ ነው። በአማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ እንጠቅሳለን፦ «ወንድሜ እመጣለሁ አለኝ» እንላለን። የሚመጣው ወንድም መሆኑን ማንም አይስተውም። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረ ተማሪ ግን «ወንድሜ እኔ እንደምመጣ ነገረኝ» የሚል ነገር ይጽፋል፤ መጪው ጸሐፊው ራሱ ሆኖ ያርፋል። ሌላው ደግሞ «ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ሄደ» የሚለው ነው። በአማርኛ እንዴት ያምራል! ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይሰበስባል። እንግሊዝኛው ግን ድርጊቱን ከባለቤቱ አጠገብ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጎ መቁረጥ ይሻላል።

ማሽን ይተርጉምልኝ ማለት ስህተቱን አያርመውም፤ ይደብቀዋል። «ሆዴ ባባ» ብላ የጻፈች ልጅ ስለ ሆድ ሕመም የሚናገር እንግሊዝኛ ተመልሶላት፣ ሳታውቅ ለውድድር ልካዋለች። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙሉ ድርሰት የሚያጽፉትም ያው ናቸው፤ ወረቀቱ ይሞላል፣ እጃቸው ግን አልተማረም። መጀመሪያ በራሳችሁ እንግሊዝኛ፣ ቢሰባበርም፣ ጻፉ። ከዚያ የተሰበረውን ቦታ እየፈለጋችሁ ጠግኑ። ለዚህ የማምነው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲን የጽሕፈት መማሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኢንተርኔት ላይ አለ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎችም የተለየ ክፍል አለው። ከዚያው ጋር የኦክስፎርድን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነውን ማለቴ ነው። እኛ «ምክሮች»፣ «መረጃዎች» ብለን እናበዛለን፤ «አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን» ግን ብዙ ቁጥር አይቀበሉም። መዝገበ ቃላቱ ይህን ከቃሉ አጠገብ ምልክት አድርጎ ይነግራችኋል።

የምስክር ወረቀት ማሳደድና ኔትወርክ መጠበቅ

ሁለቱን በአጭሩ ልለፋቸው። ለምስክር ወረቀት ገንዘብ የሚጠይቁ ትምህርቶች አሉ፤ መክፈል ያቃተው ሰው ትምህርቱ የተዘጋበት ይመስለዋል። መጻፍ ለመማር ወረቀቱ አያስፈልግም፤ የጠቀስኳቸው ሁሉ ያለ እርሱ ይሠራሉ። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ለሚወደድበት ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። አንድ ጊዜ ከተማ ሲመጡ የጉተንበርግን መጻሕፍትና ሌሎች ማጣቀሻዎችን ጭኖ ወደ አገር ቤት መሄድ፣ ያለ ኢንተርኔትም ማንበብ ይቻላል። ለክረምቱ እረፍት ወደ መንዝ የሚመለሱትን ሁሉ ይህን አስጭኜ እሸኛቸዋለሁ። ድምፅ ለመስማት ደግሞ የቢቢሲ የእንግሊዝኛ መማሪያ የስድስት ደቂቃ ዝግጅት ከነጽሑፉ ይገኛል፤ ብዙ ሜጋባይት አይበላም።

ብቻን መጻፍ

ብዙዎች የጻፉትን በማኅበራዊ መገናኛ ይለጥፉና የ«ወደድኩት» ምልክት ይቆጥራሉ። መቶ ሰው ወደደው ማለት አንድ ሰው አነበበው ማለት አይደለም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብቻውን ወጥቶ ያስባል፣ ተመልሶ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱም እንደገና። ከኢንተርኔት የሚማር ሰው ይህ ነው የጎደለው። ሁለት ጓደኞች ይበቃሉ። በሳምንት አራት ስንኝ ይዛችሁ ተገናኙ፤ ጸሐፊው ያንብብ፣ ሌሎቹ የሰሙትን ብቻ ይናገሩ።

የሰው አገር መልክዓ ምድር መዋስ

የመጨረሻው ልቤን የሚነካው ነው። ከኢንተርኔት የሚማሩ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ያላዩት በረዶ ይወርዳል፣ ያላዩት አበባ ይፈነዳል፣ የበልግ ቅጠል ይረግፋል፤ በእኛ አገር በልግ የዝናብና የዘር ወቅት መሆኑ ተረስቷል። እንግሊዝኛ ሲጽፉ የራሳቸው አገር የማይበቃቸው ይመስላቸዋል። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ተወላጅ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» እ.ኤ.አ. በ1973 በሄይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሲታተም፣ ያንባቢውን ልብ ይዞ የሚወጣው ወደ ዝቋላ ተራራ ነበር። ከዚሁ ከጎረቤታችን የወጣ ሰው ቋንቋውን ተውሶ አገሩን ሳይዋስ ጽፏል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ አንዲት የመንዝ ልጅ ስለ በረዶ የጻፈችውን ይዛ መጣች። «ልጄ፣ በረዶ ሲከመር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አላየችም። «ዛሬ ጠዋት ስትነሺ ምን አየሽ?» ውርጭ አለች፤ ቀጠለችና የአባቷ ባቄላ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደጠቆረ ነገረችኝ። በሳምንቱ ያንን በአራት የእንግሊዝኛ ስንኝ ጽፋ አነበበች። ከሸዋ ሮቢት የመጣው ልጅ፣ ቆላ ያደገ ነውና፣ «ውርጭ ድምፅ አለው?» ሲል ጠየቃት። ትንሽ አሰበችና «ጠዋት ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል» አለችው። እስክሪብቶዋን አንሥታ አምስተኛውን ስንኝ እዚያው ጻፈች።