ለትልቅ ድርጅት የሚሆን የኢ-ኮሜርስ ፕላትፎርም እንዴት ይመረጣል?

አንድ ትልቅ ድርጅት የኢ-ኮሜርስ ፕላትፎርም፣ ማለትም በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥበትን ሶፍትዌር፣ ሲገዛ የሚያገኘው ዕቃ የሚታይበትን ገጽ ብቻ አይደለም። ከሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር፣ ከመጋዘኖቹ፣ ከክፍያ ሥርዓቱና ከደንበኛ አገልግሎቱ ጋር ቀን ከሌት መረጃ የሚለዋወጥ አዲስ ሥርዓት በሥራው መካከል እያስገባ ነው። ስለዚህ ምርጫው መነሳት ያለበት የፕላትፎርሙ ሻጮች ከሚያቀርቡት የአገልግሎት ዝርዝር ሳይሆን፣ ድርጅቱ በየዕለቱ ከሚያስተናግዳቸው ትዕዛዞች፣ በተለይም ሠራተኞቹን በጣም ከሚያስቸግሯቸው ትዕዛዞች ነው። አንድ ሰው አንድ ዕቃ መርጦ፣ በካርድ ከፍሎ፣ ቤቱ ድረስ የሚላክለትን ቀላል ትዕዛዝ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም የታወቀ ፕላትፎርም ይሠራዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከአስቸጋሪው ትዕዛዝ መነሳት

ከሻጮች ጋር ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የሽያጭ፣ የመጋዘን፣ የሒሳብና የደንበኛ አገልግሎት ክፍሎች ባለፈው ዓመት ያደከሟቸውን ትዕዛዞች እንዲያመጡ ይጠየቁ። ከእነዚህ ውስጥ አሥር ያህሉ ተመርጠው፣ ደንበኛው ዕቃውን ከመረጠበት ቅጽበት እስከ መጨረሻው የሒሳብ ምዝገባ ድረስ ያለው ሂደታቸው በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህ ሰነድ ብዙ መቶ መስመር ካለው የመመዘኛ ሠንጠረዥ የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በሠንጠረዥ ላይ «ቅናሽ ማድረግ ያስችላል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሻጭ «አዎ» ብሎ ይመልሳል።

በውል ዋጋ የሚገዛ አንድ ድርጅት 40 ዕቃዎች አዘዘ እንበል። የገንዘቡ መጠን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ስለሆነ ትዕዛዙን የገዢው ድርጅት ኃላፊ ማጽደቅ አለበት፤ 28ቱ ከአንድ መጋዘን፣ 12ቱ ከሌላ መጋዘን ይላካሉ፤ በጠቅላላ ድምሩ ላይም የ10 በመቶ ቅናሽ ተደርጓል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ገዢው 3ቱን መለሰ። ፕላትፎርሙ ቅናሹን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አከፋፍሎ መዝግቦት ከሆነ የሚመለሰው ገንዘብና ግብሩ ወዲያው ይታወቃል። በድምሩ ላይ ብቻ መዝግቦት ከሆነ ግን አንድ ሠራተኛ ካልኩሌተር ይዞ ይቀመጣል፤ የእሱ ስሌትና የሒሳብ ሶፍትዌሩ ስሌት በሳንቲም ሲለያዩም በወር መዝጊያ ላይ ያንን ልዩነት የሚያሳድድ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ጭነቶች በተለያየ ቀን ቢወጡ ክፍያው የሚሰበሰበው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየጭነቱ? የተመለሱት ዕቃዎች ለየትኛው መጋዘን ገቢ ይሆናሉ? ከተመለሱ በኋላ የቀረው ድምር ለቅናሹ ከሚያበቃው መጠን በታች ቢወርድስ? ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች «በሚቀጥለው እትም ይካተታል» የሚል መልስ ከሰጠ፣ መልሱ «የለም» ተብሎ ይመዝገብ።

የክምችት ቁጥርም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። የቀረውን አንድ ዕቃ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢፈልጉት፣ ዕቃው ለአንዳቸው የሚያዘው በድረ ገጹ የግዢ ጋሪ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ወደ ክፍያ ገጽ ሲታለፍ ነው ወይስ ክፍያው ሲረጋገጥ? የመጋዘኑ ሶፍትዌር የክምችት ቁጥሩን የሚልከው በየ15 ደቂቃው ከሆነ፣ በመካከል ባሉት ደቂቃዎች ድረ ገጹ የሌለ ዕቃ ሊሸጥ ይችላል። በአዘቦት ቀን ይህ ጥቂት የይቅርታ ኢሜይሎችን ከመላክ ላያልፍ ይችላል። በትልቅ የቅናሽ ቀን ግን ብዙ ሺህ ትዕዛዝ ወደ መሰረዝ ሊያመራ ይችላል።

የፕላትፎርሙ ዓይነትና የባለቤቱ ማንነት

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ በሚቆጣጠረው ሰርቨር ላይ የሚጭነውና እንደ ፍላጎቱ የሚለውጠው ሶፍትዌር ሲሆን፣ ማጄንቶ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው እንደ ሾፒፋይ ፕላስ፣ ቢግኮሜርስና ሴልስፎርስ ኮሜርስ ክላውድ ያለው፣ ሻጩ እያስተዳደረ በኪራይ የሚያቀርበው አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፍለጋውን፣ ጋሪውን፣ የዕቃ ዝርዝሩንና የገጹን ገጽታ ከተለያዩ አቅራቢዎች ወስዶ በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች እርስ በርሳቸው መረጃ በሚለዋወጡበት መገናኛ) የማገጣጠም መንገድ ሲሆን፣ ኮሜርስቱልስ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በአሁኑ ጊዜ በብዙ አማካሪዎች ይወደሳል፤ ውዳሴው ግን በጥንቃቄ ቢደመጥ ይሻላል። ቋሚ የሆነ የራሱ የሶፍትዌር ቡድን ላለው ድርጅት ትልቅ ነጻነት ይሰጣል። ቡድኑ ከሌለ ግን እያንዳንዱ አቅራቢ «የእኔ ክፍል በትክክል እየሠራ ነው» በሚልበት ሰዓት፣ በክፍሎቹ መካከል ለተፈጠረው ብልሽት ኃላፊነት የሚወስድ ይጠፋል። ተለይቶ የሚያኮራ የአሠራር ልዩነት የሌለው ድርጅት፣ ትልቅ ቢሆንም እንኳ፣ በሁለተኛው ዓይነት ቢጀምር አይቆጭም።

የባለቤትነት ታሪክም የምርጫው አካል ነው። ማጄንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ላይ ወጣ፤ በ2011 ኢቤይ ጠቀለለው፤ በ2015 ከኢቤይ ተለየ፤ በ2018 ደግሞ አዶቢ በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከሌሎች ፕላትፎርሞችም ሃይብሪስ በ2013 ወደ ኤስኤፒ፣ ዲማንድዌር በ2016 ወደ ሴልስፎርስ፣ የአይቢኤም ዌብስፌር ኮሜርስ በ2019 ወደ ኤችሲኤል ተዛውረዋል። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የዋጋ አወጣጡም የልማት አቅጣጫውም ሊለወጥ ይችላል። የማጄንቶ የመጀመሪያው ትውልድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሲቋረጥ፣ ገጽታዎቹና ተጨማሪ ሞጁሎቹ ወደ ሁለተኛው ትውልድ እንዳሉ የሚሻገሩ ስላልነበሩ፣ ብዙ ድርጅቶች «ማሻሻያ» የተባለውን ሥራ እንደ አዲስ ግንባታ ለመሥራት ተገደዋል። ስለዚህ አንድ እትም ከመቋረጡ ምን ያህል ጊዜ አስቀድሞ ማስታወቂያ እንደሚሰጥ ከሻጩ በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ነው።

ዋጋውን እስከ ታች ማየት

የዋጋ ንጽጽር ቢያንስ ለ5 ዓመት መሠራት አለበት፤ የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ሁልጊዜ ያታልላል። ትልቁን ትኩረት የሚሻው ከሽያጭ ላይ በመቶኛ የሚከፈለው ክፍያ ነው። በዓመት 100 ሚሊዮን የሚሸጥ ድርጅት 1 በመቶ ቢከፍል 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ሽያጩ በእጥፍ ሲያድግ፣ የሻጩ ወጪ በእጥፍ ባያድግም፣ ክፍያው 2 ሚሊዮን ይደርሳል። «ሽያጭ» የተባለው ምን ምን እንደሚጨምር በውሉ ውስጥ ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል፦ የተመለሱ ዕቃዎች ይቀነሳሉ? ግብርና የማጓጓዣ ክፍያ ይቆጠራሉ? ሠራተኛ በስልክ ተቀብሎ በፕላትፎርሙ ላይ የሚመዘግበው ትዕዛዝስ? ከዚህ ሌላ የትግበራው ሥራ፣ ከነባር ሥርዓቶች ጋር የማገናኘቱ ሥራ፣ በየወሩ የሚከፈልባቸው ተጨማሪ አፖችና የራስ ሠራተኞች ደመወዝ ይደመራሉ። እነዚህ ተደምረው ከፈቃድ ክፍያው ሲበልጡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

አቅምና ደኅንነት

የአቅም ጥያቄ የሚጠየቀው በአማካይ ቀን ልክ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ልክ ነው። «99.9 በመቶ አገልግሎት» ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ሲሆን፣ 99.99 በመቶ ደግሞ ወደ 52 ደቂቃ ያወርደዋል። አስቀድሞ የተነገረ የጥገና ጊዜ ከዚህ ቁጥር ውጭ መሆን አለመሆኑና፣ የመጀመሪያው ገጽ እየተከፈተ ክፍያው ግን እምቢ ሲል «ተቋርጧል» ተብሎ መቆጠር አለመቆጠሩ በውሉ ይታይ። የኤፒአይ ጣሪያም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 500,000 ዕቃ ያለው ድርጅት የሁሉንም ዋጋ መለወጥ ቢፈልግና ፕላትፎርሙ በሰከንድ የሚቀበለው 10 ጥያቄ፣ በአንድ ጥያቄም አንድ ዕቃ ብቻ ቢሆን፣ ሥራው 50,000 ሰከንድ፣ ማለትም 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በጅምላ የሚልክ መንገድ ካለ በራስ መረጃ መሞከር ነው።

በደኅንነት በኩል «ፕላትፎርማችን የፒሲአይ ዲኤስኤስን መስፈርት ያሟላል» የሚለው መልስ ብቻውን አያረካም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የወጣው የዚህ የካርድ ክፍያ መስፈርት 4ኛ እትም፣ ከመጋቢት 2025 ማብቂያ ጀምሮ፣ በክፍያ ገጽ ላይ የሚጫኑ ስክሪፕቶች (በገጹ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ኮዶች) ሁሉ ተመዝግበው፣ ተፈቅደውና ሳይነካኩ መቆየታቸው ተረጋግጦ እንዲያዙ ያስገድዳል። የማስታወቂያ ክፍሉ ያስገባው የመከታተያ ኮድ በዚያ ገጽ ላይ ቢገኝ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይለይ። ለአውሮፓ ኅብረት ነዋሪዎች የሚሸጥ ድርጅትም የኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊያስቀጣ እንደሚችል አውቆ፣ የደንበኛ መረጃ የት እንደሚቀመጥና ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሰረዝ መጠየቅ አለበት።

ሙከራውና ውሉ

የሻጭ ማሳያ ለእንግዳ እንደተሰናዳ ሳሎን ነው፤ ጓዳው አይታይበትም። ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት ሁለት ሻጮች ጋር፣ ተከፍሏቸውም ቢሆን፣ ለጥቂት ሳምንታት ሙከራ ይካሄድ። አስቀድመው የተጻፉት አሥሩ ትዕዛዞች በድርጅቱ እውነተኛ የዕቃ ዝርዝር ላይ ይሞከሩ፤ ኪቦርዱን የሚይዘውም የሻጩ ባለሙያ ሳይሆን ነገ በሥርዓቱ የሚሠራው ሠራተኛ ይሁን። የዋጋ ለውጥ ወይም የቅናሽ ማስታወቂያ ያለ ፕሮግራመር እርዳታ ማውጣት ካልቻለ፣ ይህ ጉድለት በየሳምንቱ ወጪ ሆኖ ይመጣል። ሻጩ ከሚጠቁማቸው የረኩ ደንበኞች ሌላ፣ ፕላትፎርሙን ትቶ የወጣ አንድ ድርጅት ፈልጎ ማነጋገርም ብዙ ያስተምራል።

ውሉ ሲፈረም የመውጫው መንገድ በግልጽ ይጻፍ። የትዕዛዝ ታሪክ፣ የደንበኞች መዝገብና የውል ዋጋዎች በምን ቅርጽ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰጡ ይወሰን። የይለፍ ቃሎች በተመሰጠረ መልክ መሸጋገር ካልቻሉ ደንበኛ ሁሉ አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣት ይኖርበታል፤ የተቀመጡ ካርዶች መለያ ወደ ሌላ የክፍያ አቀናባሪ መዛወር ካልቻለም በየወሩ በራሱ የሚከፈል ትዕዛዝ ሁሉ ይቋረጣል። አዲሱ ፕላትፎርም ሥራ የሚጀምረው ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወቅት ሆኖ፣ የቀድሞዎቹ ገጾች አድራሻዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ በቋሚነት እንዲመሩ ይደረግ። የቀድሞው ሥርዓትም በላዩ ላይ የተሸጡት ዕቃዎች የመመለሻና የዋስትና ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆይ።