የቆዳ ቡት ጫማ ተራራ ላይ ከመክዳቱ በፊት ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተናል

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሜን ለኛ ጓሮ ነው፣ ግን ያልተፈተነ ጫማ አድርጎ መውጣት ሌላ ጉድ ነው። እኔ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ የቀኝ እግሬ ሶል ከአፍንጫው ጀምሮ አፉን ከፈተ፣ ቆዳው ደሞ ምንም አልሆነ! በሲባጎ አስሬ እየጎተትኩ ነው የጨረስኩት። ከዛ ወዲህ ቆዳውን ብቻ እየዳሰሰ ጫማ የሚገዛ ሰው ሳይ ያስቀኛል።

መጀመሪያ እዛው ሱቅ ውስጥ፣ አራዳም ሁን ፒያሳ፣ ተረከዙንና አፍንጫውን ይዘህ እጠፈው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችህ የሚጀምሩበት ጋ ነው፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ተወው። እንደታጠፈ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር እይ፣ ክፍተት ወይ የሚሳብ ማስቲሽ ካየህ መልስለት። ባለሱቁ "ኧረ ኦርጅናል ነው" ይልሃል፣ ይበል። ቆዳውን በአውራ ጣት ጫን ስትለው ደቃቅ ሽብሽብ ሰርቶ ስትለቀው ከጠፋ ጥሩ ነው፣ እንደ ላስቲክ ዝም ካለ ወፍራም ቀለም የተደፋበት ነው፣ እሱ መታጠፊያው ላይ ይላጣል። ዙሪያውን የተሰፋ የሚመስለውም አንዳንዴ ጎማው ላይ የታተመ ጌጥ ነው፣ በጥፍርህ ክሩን ነካ ነካ አርገው።

ዋናው የውሃው ነው። ውስጡን በደረቅ ጋዜጣ ሙላና መዝነው፣ ሚዛን ከሌለህ የሰፈር ሱቅ ይመዝንልሃል፣ ግራሙን ጻፍ። ከዛ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠህ ከሶሉ በላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ጨምር፣ ምላሱ ጋ ግን አይድረስ፣ በዛ ከገባ ፈተናው ተበላሸ። ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ውጩን ጠርገህ መዝነው፣ ጋዜጣውንም ሳታገላብጥ አውጣው፣ የራሰው ቦታ ውሃው የት ጋ እንደገባ ያሳይሃል። ጋዜጣው ሳይርስ የጫማው ክብደት ከጨመረ ቆዳው ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፣ ሰም ብትቀባው ይሻሻላል፣ በሶሉ በኩል ከገባ ግን ሰም ምንም አይሰራለትም ጫማ ሰፊ ጋ ውሰደው።

ስታደርቀው ጥላ ውስጥ፣ ጋዜጣውን እየቀየርክ። እሳት ጋ እንዳታስጠጋው! እናቴ አንድ ሐምሌ የአባቴን ከስክስ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጣ ቋንጣ አርጋዋለች፣ እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

ከዛ መሄድ ነው። የክብሪት እንጨት ጎማው ጥርስ መሀል ከተህ ጥልቀቱን በእስክሪብቶ ምልክት አርግበትና ሳምንት ያህል ወደ ጎሃ ወይ ወደ ቁስቋም ውጣ ውረድበት። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ እያንዳንዱ እግር ስድስት ሰባት መቶ ጊዜ ስለሚታጠፍ ደካማ ማጣበቂያ ቶሎ ራሱን ያጋልጣል። ስትመለስ በዛው እንጨት ለካ፣ በሳምንት ልዩነቱ በዓይን ከታየህ ጎማው ለስላሳ ነው፣ የስሜንን ድንጋይ አይችልም።

ሳልባጅ ወይ አመታት የተቀመጠ ቡት ከሆነ ደሞ በጎማውና በቆዳው መሀል ያለውን ስፖንጅ መሳይ ነገር በጥፍር ጫን በለው። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ ጫማው ባይደረግም በአየር እርጥበት ብቻ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ላዩ አዲስ መስሎህ ጥፍርህ ላይ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ከቀረ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰደው።