ቦርጭ በቦክስ፦ ከረጢት ለመምታት የሚያስፈልጋችሁ

ቦርጭ ለማጥፋት ብሎ ቦክስ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ከረጢቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ይደበድበዋል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ በማግስቱ ክንዱ አልነሳ ይለዋል፣ በዚያው ይቀራል። ክብደት የሚያስቀንሰው ግን ሳያቋርጡ መንቀሳቀስ ነው እንጂ የቡጢው ጉልበት አይደለም። እኛ ያለንባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ጎረምሳውንም ያስለከልካል። ከቆላው ከሸዋሮቢት ወጥቶ የመጣ ሰውማ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጋ ይበል።

ጂም ከሌለ ከረጢቱን ቤት መሥራት ይቻላል። ሁለት ጠንካራ ማዳበሪያ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡና ያረጀ ልብስና የተበጣጠሰ ብርድ ልብስ (መቼም በእኛ ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም) እየቆራረጣችሁ ጠቅጥቁት። ዚፕና ቁልፍ ካለው አውልቁለት። አሸዋ ግን እንዳትጨምሩ! እየቆየ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ባዶ፣ ታቹ ድንጋይ ይሆናል፣ የሚጎዳውም እጃችሁ ነው። ለጀማሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል። የጭቃ ቤት ማገር ላይ አትስቀሉት፣ በየምቱ ሲወዛወዝ ምስማሩን ያላላዋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ተክላችሁ አግዳሚ ብታስሩበት ይሻላል። ተከራይ ከሆናችሁ መጀመሪያ አከራዩን አስፈቅዱ፣ ድው ድው የሚለው ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

እጃችሁን ሳትጠቀልሉ አንድም ቡጢ አትሰንዝሩ። ፋሻውን አውራ ጣት ላይ ታስገቡና አንጓውን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ የጣቶቹን መገጣጠሚያ ሦስት ጊዜ ዙሩት፣ በጣቶቹ መሃል አሳልፉና አንጓው ላይ ጨርሱ። ጣቶቻችሁን ስትዘረጉ ደህና ይዘረጋሉ፣ ስትጨብጡ ደግሞ ጠበቅ ይላል፣ ልኩ ይሄ ነው። ጣቱ ከደነዘዘ ፈታችሁ እንደገና ጠቅልሉ። በላዩ ጓንት ይጠለቃል፣ ከሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ ውስጡ ያለው ስፖንጅ አለመፍረሱን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ። ስትመቱ አውራ ጣት ከውጭ ይሁን፣ አንጓው ቀጥ ይበል፣ የሚያርፈውም የሌባ ጣትና የመሃል ጣት መገጣጠሚያ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በውርጭ ማለዳ ከአልጋ ተነስቶ በቀጥታ ከረጢት መምታት ትከሻ ያስጎዳል። አሥር ደቂቃ ገመድ ዝለሉ ወይ በቀስታ ሩጡ፣ ላብ ጀመር ሲል ግቡ።

ለመጀመሪያው ወር ሁለት ደቂቃ ምቱ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፉ፣ አራት ዙር ይበቃል፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የመጀመሪያው ዙር በፊተኛው እጅ (ከፊት ባስቀደማችሁት እግር በኩል ባለው) ብቻ ቀለል እያደረጋችሁ፣ እግራችሁ ግን በከረጢቱ ዙሪያ ሳይቆም። ከሁለተኛው ጀምሮ የኋላውን እጅ ጨምሩ፣ ኃይሉ ከክንድ ሳይሆን ከኋላ እግርና ከወገብ መዞር ይምጣ። በየቡጢው ትንፋሽ አውጡ፣ ጀማሪ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚመታው። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። ስትጨርሱ ቶሎ ደረቅ ልብስ ቀይሩ፣ ጋቢም ደርቡ፣ እዚህ ላብ በደቂቃ ነው የሚበርደው።

ምግቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ከረጢት ቢመታ ወደ 200 ካሎሪ ያቃጥላል፣ ማታ ሁለት ቢራ ከጨለጠ አስበልጦ መለሰው። ከረጢት መምታት ሆድ ላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም፣ የሚቀንሰው ከመላ አካል ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ልምምዱን ከጾም ፍቺ በኋላ፣ ምግቡ ሲረጋ፣ ወደ ማታ አድርጉት። ደም ግፊት ወይ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

አራቱ ዙር ሲቀላችሁ ወደ ሦስት ደቂቃ ከፍ አድርጉት፣ ቀጥሎ ስድስት ዙር። ከዚያ በኋላም ከቀለላችሁ ዕረፍቱን ወደ 45 ሰከንድ ቀንሱ። አንጓችሁ ካመማችሁ ግን እስኪሻለው ገመድ ብቻ ዝለሉ።